የመካን ምስልና ድምፅ የሰበሰበው ሰው፦ የክሪስቲያን ስኑክ ሁርግሮንየ ሕይወት በአጭሩ

የድሮ ፊልሞችን፣ በካሴትና በቪዲዮ የተገለበጡ ዘፈኖችንና ያረጁ ፎቶግራፎችን እያየን ስለ ጥራታቸው መከራከር በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ነው። አንዱ ምስሉ ደብዝዟል ሲል ሌላው ድምፁ ይንኮሻኮሻል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው ይሻላል ብሎ ይሟገታል። ክርክሩ የሚጠላ አይደለም። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ከጭረቱና ከኮሽታው አያልፍም። መሣሪያውን የያዘው ማን እንደነበረ፣ ለማን ጥቅም እንደተቀረጸ፣ የማን ስም ተጽፎ የማን ስም እንደተፋቀ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

በዚህ እትም ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት አማካይነት ለመመርመር እንሞክራለን። ሰውየው ሆላንዳዊው የዐረብኛና የእስልምና ጥናት ሊቅ ክሪስቲያን ስኑክ ሁርግሮንየ ነው። ከመካና ከጅዳ ከተረፉልን ቀደምት ምስሎችና ድምፆች ብዙዎቹ በእሱ ስም ይጠራሉ። ታሪኩ በሁለት ምክንያት እኛን ይመለከታል። አንደኛ፣ ከምስሎቹ በስተጀርባ አንድ የመካ ሐኪም አለ፤ ሁለተኛ፣ ስኑክ በመካ በነበረበት ጊዜ በቤቱ አንዲት ሐበሻ ሴት ነበረች። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

ትውልድና ትምህርት

ስኑክ ሁርግሮንየ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1857 በሆላንድ ኦስተርሀውት በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበር። ልጁም የአባቱን ፈለግ ለመከተል በ1874 ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሃይማኖት ትምህርት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ልቡ ወደ ሴማዊ ቋንቋዎች፣ በተለይም ወደ ዐረብኛ አዘነበለ። በ1880 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘው ስለ መካ ሐጅ አመጣጥ በጻፈው ጥናት ነው። ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ መካንም ሆነ ሌላ የዐረብ ከተማ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።

ጥናቱ የዕውቀት ጥማት ብቻ አልነበረም። ሆላንድ በዚያ ዘመን ዛሬ ኢንዶኔዥያ የተባሉትን ደሴቶች በቅኝ ግዛት ይዛ ትገዛ ነበር። የደሴቶቹ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ከተከፈተና የእንፋሎት መርከብ ከተስፋፋ ወዲህ ወደ ሐጅ የሚጓዘው ሰው በረከተ። ቅኝ ገዥዎቹም ምእመናኑ ከመካ ሲመለሱ የዐመፅ መንፈስ ይዘው እንዳይመለሱ ይሰጉ ነበር። ሆላንድ በ1872 ጅዳ ላይ ቆንስላ የከፈተችው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ የስኑክ ጉዞ ከመነሻው ሁለት ፊት ነበረው ማለት ነው፤ አንዱ የሊቅነት፣ ሁለተኛው የመንግሥት ሥራ።

ከጅዳ ወደ መካ

ስኑክ በኦገስት 1884 ጅዳ ደረሰ። ማረፊያው የሆላንድ ቆንስላ ነበር። ፎቶግራፍ ማንሻ ይዞ ስለመጣ ከደሴቶቹ የሚመጡትን ምእመናን በየአገራቸው እየመደበ በቡድን አነሣቸው። ዐረብኛውን የሚያጠነክርለትና የመካን ነገር የሚያስረዳው ሰውም እዚያው ጅዳ አገኘ። እሱም ከጃዋ ደሴት ከባንተን የመጣው ራደን አቡ በክር ጃያዲኒንግራት ነው። ስለ መካ ሊቃውንት ሕይወትና ስለ ከተማይቱ ኑሮ ብዙ ጽፎ የሰጠው ይህ ሰው ነበር። በኋላ በታተመው መጽሐፍ ግን ለሥራው የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

በጃንዋሪ 1885 ስኑክ እስልምናን ተቀብሎ ዐብዱልገፋር ተባለ። በቀጣዩ ወር ከጅዳ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው መካ ገባ። እስልምናን የተቀበለው ከልቡ ነው ወይስ ለጥናቱ ሲል ነው? በሊቃውንት መካከል ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ሥራው ግን በግልጽ ይታያል። የመስጊዱን ትምህርት ተከታተለ፤ የሠርጉን፣ የልቅሶውን፣ የገበያውንና የማጀቱን ልማድ መዘገበ፤ ከደሴቶቹ መጥተው መካ ከሰፈሩት የጃዋ ተማሪዎችና መምህራን ጋር ዋለ።

በመካ ካገኛቸው ሰዎች ሁሉ ለጽሑፋችን ዋነኛው ሐኪሙ ሰይድ ዐብዱልገፋር ነው። ስሙ ከስኑክ አዲስ ስም ጋር አንድ ነው። ሐኪሙ እንደ ዘመኑ ባለሙያዎች በአንድ ጥበብ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ ከሕክምናው ጎን ሰዓት ይጠግናል፣ ጠመንጃ ያበጃል። እጁ ለረቂቅ ሥራ የለመደ ስለነበረ ፎቶግራፍ ማንሣትንም ከስኑክ በቶሎ ተማረ። ከመካ ተወላጆች ፎቶግራፍ በማንሣት የመጀመሪያው መሆኑ የሚነገርለት ይህ ሐኪም ነው። በእርግጥ ከእነሱ በፊት ግብፃዊው የጦር መኮንን ሙሐመድ ሳዲቅ ቤይ መዲናን በ1861፣ መካንም በ1880 ግድም አንሥቷል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የመካ ምስሎች የስኑክ ናቸው የሚባለው ስሕተት ነው።

ስለ ሐበሻዊቷ ሴት

በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ የተለያዩ ክፍሎች የተዘረፉና የተሸጡ ልጆች በመጽዋና በታጁራ በኩል ቀይ ባሕርን እየተሻገሩ ወደ ሒጃዝ ይወሰዱ ነበር። ኦሮሞው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ሐበሻ በሚል የወል ስም ይጠራል። ስኑክም በመካ አንዲት ሐበሻ ሴት ገዝቶ በዕቁባትነት አኑሯል። ከከተማይቱ ተባርሮ ሲወጣ ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህ የታወቀው ከግል ደብዳቤዎቹ ነው። መጽሐፉ ስለ ሐበሻ ሴቶች ጠባይና ስለ ባሮች ኑሮ በጥቅሉ ሲያትት፣ የመካ ባርነት አውሮፓውያን እንደሚያወሩት የከፋ አይደለም ብሎ የባሪያ ንግድን የሚቃወሙትን ይነቅፋል። ይህን ሲጽፍ ራሱ ባሪያ የገዛ ሰው መሆኑን አንባቢ ከመጽሐፉ ሊያውቅ አይችልም። ምስክሩ በጉዳዩ ውስጥ ያለበትን ጥቅም ከደበቀ ምስክርነቱን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል።

መባረርና የተፋቀው ስም

ስኑክ በመካ የቆየው ግማሽ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በሰሜን ዐረቢያ ተይማ በተባለ ቦታ የተገኘ ጥንታዊ የአራማይክ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ነበር። ድንጋዩን ሲከታተል የነበረው የፈረንሣይ ተጓዥ ሻርል ሁበር በ1884 ተገደለ። በጅዳ የነበረው የፈረንሣይ ቆንስላ ሹም የስኑክን ስም ከዚህ ጉዳይ ጋር አያይዞ በፓሪስ ጋዜጣ ላይ ጻፈ፤ መካ መግባቱም በዚሁ ተገለጠ። የኦቶማን ባለ ሥልጣኖች በኦገስት 1885 ከመካ አስወጡት። ሐጁ የሚውለው በሴፕቴምበር ነበር። ስለ ሐጅ ጽፎ ዶክተር የተባለው ሰው ሐጁን በመካ ሳያይ ቀረ፤ ወደ ዐረቢያም ዳግመኛ አልተመለሰም።

የፎቶግራፍ መሣሪያው ግን ከሐኪሙ ጋር ቀረ። በሚቀጥሉት ዓመቶች ሐኪሙ መስጊዱን፣ በጸሎት የተሰለፉትን ምእመናን፣ ሹማምንቱንና ሐጃጆቹን እያነሣ በጅዳው ቆንስላ በኩል ወደ ላይደን ላከ። ስኑክ ስለ መካ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1888 እና በ1889 በጀርመንኛ ታተመ፤ ከእሱም ጋር የምስል መድበሎች ወጡ። የ1889ኙ መድበል አብዛኛው የሐኪሙ ሥራ ነው። ሐኪሙ በምስሎቹ ላይ ፎቶግራፉ የመካው ሐኪም የሰይድ ዐብዱልገፋር መሆኑን በዐረብኛ ይጽፍ ነበር። በታተሙት ላይ ግን ይህ ጽሑፍ ተፍቆ ወጥቷል። የስኑክ ስም በመድበሉ ሽፋን ላይ ሲወጣ፣ ምስሉን ያነሣው ሰው ስሙ ቀርቶ አንድ የመካ ሐኪም ሆነ። እውነቱ የታወቀው በላይደን የተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ከታተሙት ጋር ሲነጻጸሩ ነው።

ከዚህ ስለ ጥራት አንድ ነገር እንማራለን። የታተመው ምስል ከመጀመሪያው ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ጽሑፍ የለበትም፣ ዓይን የሚያውክ ነገር የለውም። ሆኖም ከእውነት የራቀው ንጹሑ ነው። ዛሬም አንድ አሮጌ ፊልም ታጥቦና ጸድቶ ሲቀርብልን ምን እንደተጨመረ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተወሰደ መጠየቅ ይኖርብናል።

ምስሎቹን እንዴት እንመልከት?

የሕክምና ተማሪዎች እንደመሆናችን የበሽታን ምልክት መሣሪያው ከሚፈጥረው ጉድለት መለየት እንማራለን። ይህ ትምህርት ለአሮጌ ፎቶግራፍም ያገለግላል። በ1880ዎቹ ምስል የሚቀረጸው ኬሚካል በተቀባ መስተዋት ላይ ነው። ብርሃኑን ለመቀበል ጊዜ ስለሚፈልግ ግድግዳውና ሚናራው ጥርት ብለው ሲወጡ የሚንቀሳቀሰው ሰው እንደ ጭስ ይታያል። ፎቶግራፍ የተነሡት ሰዎች ፊታቸውን አኮሳትረውና ደርቀው የሚታዩትም በከፊል እንዳይንቀሳቀሱ ስለሚታዘዙ ነው።

ከዚህ በላይ ልንገነዘበው የሚገባ ነገር አለ። የዘመኑ መስተዋት ሰማያዊውን ብርሃን በብዛት ይቀበላል፤ ቀዩን ግን ከሞላ ጎደል አያየውም። በዚህም ምክንያት ሰማዩ ደመና ባይኖርበትም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀይነትና ቡናማነት ያለው የሰው ቆዳ ደግሞ ከእውነተኛው መልኩ ይበልጥ ጠቁሮ፣ የፊቱ ዝርዝር በጥላ ተውጦ ይታያል። በድሮ ምስሎች የምናያቸው አፍሪካውያን ፊታቸው የማይለይ የሚመስለው በከፊል በዚህ ሳቢያ ነው። ጉድለቱ የመስተዋቱ ነው፤ የሰዎቹ አይደለም።

ዕውቀትና ጦር

ስኑክ በ1889 ወደ ምሥራቅ ደሴቶች ተጉዞ እስከ 1906 ድረስ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት አማካሪ ሆኖ ሠራ። በሱማትራ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኘው የአችህ ሕዝብ ከ1873 ጀምሮ ሆላንድን ይዋጋ ነበር። ስኑክ በመካ ባገኘው ቋንቋ፣ ትውውቅና የሙስሊም ስም ተጠቅሞ አችህን አጠና፤ በ1893 እና በ1894 ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። ለመንግሥት የሰጠው ምክር የአካባቢውን መሳፍንት በጥቅም ማቅረብ፣ ትግሉን የሚመሩትን የሃይማኖት መምህራን ግን ያለ ድርድር በጦር ማሳደድ የሚል ነበር። በ1898 የአችህ ገዥ የሆነው ቫን ሂውትዝ ይህን መንገድ ተከተለ። በጦርነቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአችህ ሰዎች አለቁ።

በጁን 1904 ኩታ ሬህ በተባለ መንደር የሆላንድ ጦር ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ከ500 በላይ ሰው ፈጀ። ወታደሮቹ ከሬሳው ክምር ጋር የተነሡበት ምስል እስከ ዛሬ አለ፤ ያነሣውም ኔብ የተባለ የጦሩ ሐኪም ነው። እንግዲህ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ፎቶግራፍ አንሥተዋል። አንዱ የከተማውን ሰዎች ሲያነሣ ሌላው የተገደሉትን አነሣ። የሁለተኛው ምስል ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ለሰው ልጅ ያለው ዋጋ በጥርትነቱ አይለካም። ስለ ስኑክ በሚዛናዊነት ለመናገር፣ በመጨረሻዎቹ ዓመቶች ከቫን ሂውትዝ ጋር ተጋጭቶ የጦሩን ጭካኔ ነቅፏል። ይሁን እንጂ መንገዱን ካመለከቱት አንዱ ራሱ ነበር።

በጃዋም ሁለት ጊዜ በእስልምና ሥርዓት አግብቶ ልጆች ወልዷል። በ1906 ወደ ሆላንድ ሲመለስ ቤተሰቡን እዚያው ትቶ ሄደ፤ በ1910 ደግሞ አንዲት ሆላንዳዊት አገባ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ እስከ 1927 አስተማረ። ጁን 26 ቀን 1936 በዚያው በላይደን ሞተ።

በሰም ላይ የቀረ ድምፅ

በስኑክ ስም የሚጠራው ሌላው ቅርስ የድምፅ ክምችት ነው። ስኑክ ለጅዳው ቆንስላ ፎኖግራፍ እንዲደርሰው አድርጎ የአካባቢው ዜማ እንዲቀረጽለት ጠየቀ። በ1906 እና በ1909 መካከል የቁርኣን ንባብ፣ የጸሎት ጥሪ፣ የሠርግ ዘፈንና በገመድ መሣሪያ የታጀበ ዜማ በሰም ሲሊንደሮች ላይ ተቀረጸ። ከ300 በላይ የሚሆኑት በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው በዲጂታል ተገልብጠዋል። እዚህም ላይ መሣሪያውን የያዙት ሌሎች ናቸው፤ ስኑክ በቦታው አልነበረም።

የሰም ሲሊንደር ከ2 ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ ድምፅ ይይዛል። ስለዚህ ዘፈኑ ድንገት ቢቋረጥ አልቆ ላይሆን ይችላል፤ ያለቀው ሰሙ ነው። ማይክሮፎንም ሆነ ኤሌክትሪክ የለም። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው በቀንድ መሰል ቱቦ የሚገባው የሰው ትንፋሽና ድምፅ ብቻ ነው። ዘፋኙ ወደ ቱቦው ተጠግቶ መጮህ አለበት። ጆሯችን ከ20 እስከ 20,000 ኸርትዝ ሲሰማ፣ ሰሙ በደንብ የሚይዘው ከ200 እስከ 3,000 ኸርትዝ ግድም ያለውን ነው። የከበሮው ጉምታ ይጠፋል፤ የፊደሎቹ ፉጨት ይደበዝዛል።

በዚያ ላይ ሰሙ በተሰማ ቁጥር ይፋቃል፤ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ይሻግታል። ሻጋታው የበላው ቦታ በየዙሩ መርፌውን ስለሚመታ ኮሽታው እኩል ጊዜ እየጠበቀ ይመላለሳል። በስቴቶስኮፕ የሚያዳምጥ ሰው የልብን ድምፅ ከልብስ ፍትጊያ እንደሚለይ ሁሉ፣ ይህን ምት ለይቶ መተው ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ፎኖግራፎችም ስቴቶስኮፕ በሚመስል የጆሮ ቱቦ ይደመጡ ነበር። ሲሊንደሩ የተቀረጸበት ፍጥነት ካልተመዘገበ ግን ወንዱ እንደ ልጅ፣ ልጁም እንደ ጎልማሳ ሊሰማ ይችላል። ያን ጊዜ የመሣሪያውን ጥፋት ለማረም ዜማውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ድምፆች አንዱ የሆነ የቁርኣን ንባብ በ1885 በመካ እንደተቀረጸ እየተነገረ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ይህ ሊሆን አይችልም። የኤዲሰን የ1877ቱ ፎኖግራፍ በቆርቆሮ ወረቀት ላይ የሚቀርጽና ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያሰማ ነበር። ለሥራ የሚውለው የኤዲሰን የሰም ፎኖግራፍ የወጣው በ1888 ነው። ስኑክም በ1885 ይዞት የመጣው የፎቶግራፍ መሣሪያ እንጂ ፎኖግራፍ አልነበረም። ንባቡ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ውድ ቅርስ ነው፤ ያልነበረ ዕድሜ ስለተሰጠው ክብሩ አይጨምርም።

ከስኑክ በኋላ የመጣው ፊልም

ስኑክ በሕይወት ሳለ በ1928 ጆርጅ ክሩገርስ የተባለ የደሴቶቹ ተወላጅ የፊልም ሠራተኛ ስለ መካ ሐጅ የሠራው ፊልም በሆላንድ ታየ። ከደሴቶቹ የተነሡትን ሐጃጆች በመርከብ እስከ ጅዳ፣ ከዚያም እስከ መካ ይከተላል። ድምፅ አልባ ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም በቤት ቪዲዮ የሚመለከት ሰው ሁለት ነገር ያስተውል። አንደኛው ፍጥነት ነው። ድምፅ አልባ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ16 እስከ 20 ምስል እየተቀረጹ በ24 ሲገለበጡ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ይዋከባሉ። በእርጋታ የሚሄድ ምእመን የሚሮጥ ሲመስል ሳቅ የሚመጣብን በራሳችን ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስፋት ነው። ምስሉ ከዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ጋር እንዲስማማ ከላይና ከታች ከተቆረጠ ወይም ከተለጠጠ፣ የተቆረጠው ክፍል ሰው የቆመበት ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

የስኑክ ሁርግሮንየ ዕውቀት ትልቅ መሆኑን መካድ አይቻልም። እሱ ባይኖር የ1880ዎቹን የመካ ኑሮ በዚያ ዝርዝር አናውቀውም ነበር። ያንኑ ዕውቀት ከሌሎች እጅ ተቀብሎ በስሙ እንደጻፈው፣ ከፊሉንም ለጦር እንዳዋለው መካድም እንዲሁ አይቻልም። ሁለቱንም በአንድነት መያዝ የአንባቢ ኃላፊነት ነው። ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ የተሻረው በ1942፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ በ1962 ነው። ሐበሻዊቷን ሴት የምናውቃት በገዛት ሰው ደብዳቤ በኩል ብቻ ነው፤ የራሷን ድምፅ የያዘ ሰም የለም።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከእናንተ መካከል የአያቶቹን ድምፅ በካሴት፣ የቤተሰቡን ሠርግ በቪዲዮ፣ ወይም የስደት ዘመን ፎቶግራፎችን ያስቀመጠ ብዙ ነው። ካሴቱን ለማጽዳትና ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ከመቸኮል በፊት ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደቀረጸው፣ የት፣ መቼና በምን መሣሪያ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ከእሱ ጋር አኑሩ። የመጀመሪያውንም አትጣሉ። ኮሽታውን የሚቀንስ መሣሪያ ነገ ይሠራል፤ የተፋቀ ስም ግን የሚገኘው ዋናው ቅጂ ተጠብቆ ከተገኘ ብቻ ነው። የሐኪሙ የሰይድ ዐብዱልገፋር ስም ወደ ሥራው የተመለሰው እንዲህ ነው።